ዝምታ ወለጋን አላዳነም

ክርክሩን የሚያቀርቡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አዳራሽ ይደመጣል፣ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ክበብ ይደመጣል፣ ልጆቹን ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ያሸሸ የቡና ነጋዴም ይለዋል። «ነጻ ፕሬስ ማን ይጠላል? ግን መጀመሪያ አገር ይርጋ። ጫካው በታጣቂ ተሞልቶ፣ ሰው በብሔሩ እየተፈለገ እየተገደለ ጋዜጠኛ መልቀቅ በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።» ማስረጃም አያጡም። ከሩቅ ሩዋንዳን ይጠራሉ፤ ከቅርብ ደግሞ ጥቅምት 2012ን። ያን ሰሞን በሌሊት በተለጠፈ አንድ የፌስቡክ መልእክት የተቀሰቀሰው ሁከት 86 ሰዎችን ቀጥፎ ነው የበረደው።

አመለካከቱ በብዙ ቦታ ሳይፈተን ይኖራል፤ «ቢለቀቁ ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር» ብሎ ማስፈራራት ወጪ የለውም። ወለጋ ላይ ግን ተፈትኗል። አራቱ የወለጋ ዞኖች፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለምና ሆሮ ጉዱሩ፣ ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ እጅግ ጥቂት ጋዜጠኛ የረገጣቸው፣ ስልክና ኢንተርኔት ደጋግሞ የተዘጋባቸው አካባቢዎች ናቸው። ዝምታ ደም የሚቆጥብ ቢሆን ወለጋ የአገሪቱ ሰላማዊ ምድር በሆነ ነበር።

የሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ይበጃል። በታኅሣሥ 2012 መጨረሻ በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ሞባይሉም፣ የመስመር ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ነቀምትና ሌሎች የምሥራቅ ወለጋ ከተሞች ስልክ ቀረላቸው፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። ምክንያቱ ጸጥታ ነው ተባለ። ደምቢ ዶሎ ያለች እናት አዲስ አበባ ካለ ልጇ ጋር ለመነጋገር ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው መፈለግ ነበረባት። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ታወጀ፤ አገሩ ሁሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ምልክት ካያችሁ ደውሉ ይባል ጀመር። ወለጋ በምን ይደውል? አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው፤ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል። ታዲያ በእነዚያ ወራት ታጣቂው ተዳከመ? ገበሬው ተረጋጋ? የሚቀጥለው ዓመት መልሱን ሰጠ።

ጥቅምት 22 ቀን 2013 በጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ በሚባል ቀበሌ ነዋሪዎች ለስብሰባ ተብለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡና ተጨፈጨፉ። ባለሥልጣናት የሟቾቹ ቁጥር 32 ነው አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በበኩሉ በግቢው ውስጥ 54 አስከሬን እንደነበር ከተረፉት ሰዎች መስማቱን ገለጸ፤ ጥቃቱም የደረሰው የመንግሥት ወታደሮች አካባቢውን ለቀው በወጡ ማግሥት እንደሆነ ጨምረው ነገሩት። ወታደሮቹ ለምን ወጡ? ማን አዘዘ? ይህን ጥያቄ ይዞ ጊምቢ የሚገባ፣ የዞኑን አስተዳዳሪ በር የሚያንኳኳ፣ መልስ ቢከለከል «መልስ ተከልክያለሁ» ብሎ የሚያትም አንድ የአካባቢው ጋዜጣ አልነበረም። ጥያቄው እስከ ዛሬ እንደተንጠለጠለ ነው።

ቶሌ ደግሞ አለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ጠዋት የጀመረው ግድያ ሲያበቃ የሟቹን ብዛት ማንም በቅጡ አያውቅም ነበር። ከጥቃቱ የተረፈ አንድ ነዋሪ ለአሶሽየትድ ፕሬስ በስልክ 230 አስከሬን ቆጥሬያለሁ አለ። ያኔ «የተጋነነ ወሬ ነው» ያለው ጥቂት አይደለም። አሥር ቀን አልፎ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቃል አቀባይ የተለዩት ሟቾች 338 መሆናቸውን ተናገሩ። ወሬ የተባለው ከእውነቱ በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጠኛ ያጋንናል፣ ያባብሳል የሚለው ክርክር ይህን ቁጥር የት እንደሚያስቀምጠው ማየት ደስ ይላል።

ከቶሌ ሁለት ወር በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ በሆሮ ጉዱሩ አሙሩ ወረዳ አጋምሳ ከተማ ሌላ ጥቃት ደረሰ። በቶሌ የሞቱት በአብዛኛው አማሮች ነበሩ፤ ይህኛው ግን የአማራ ታጣቂዎች የኦሮሞ ነዋሪዎችን የገደሉበት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ከ60 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። አሁን አንድ ሙከራ ይደረግ። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ፣ ዜና የሚከታተል የተማረ ሰው ስለ ቶሌ ይጠየቅ፤ ያውቃል። ስለ አጋምሳ ይጠየቅ፤ ብዙውን ጊዜ ስሙንም አልሰማም። ሚኒሶታ ያለ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ጣቢያ ለአንዱ ሕዝብ የራሱን ሬሳ ብቻ ይቆጥርለታል። ሁለቱም ወገን «ዓለም ዝም ያለው የኛ ደም ሲሆን ነው» ብሎ ከልቡ ያምናል፤ ባገኘው መረጃ ልክ ደግሞ አልተሳሳተም።

የዝምታ ፖሊሲ ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው። የአካባቢውን ጋዜጠኛ ሲከለክሉት ወሬው አይቆምም፤ ቦታውን ብቻ ይቀይራል። ከጊምቢ ወጥቶ ዋሽንግተን ይገባል፣ ከሻምቡ ወጥቶ ዩቲዩብ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ያለው ተንታኝ አሙሩን በካርታ እንኳ አይቶት አያውቅም፤ ሥራው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስም ማጣራት የለበትም፤ ስሙን ያሳሳተበት ሰው ነገ መንገድ ላይ አያገኘውም። በአንጻሩ ነቀምት ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጅ ውሸት ቢጽፍ የሟች ወንድም በማግሥቱ ቢሮው ድረስ ይመጣበታል። መንግሥት አደገኛ ብሎ ያፈነው ተጠያቂውን ጋዜጠኛ ነው፤ ሜዳውን የለቀቀው ደግሞ ተጠያቂነት ለሌለበት።

ይህ በወለጋ ምን ዓይነት ሕይወት እንደፈጠረ ለማየት አኖ ላይ መውረድ ይበቃል። አኖ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚሄደው አስፋልት ባኮን እንዳለፈ ያገኛታል። መኪና ሲቆም ማንጎ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ይከባሉ። ሰዉ ግን ማንጎውን ከመጠየቁ በፊት ከነቀምት መልስ የሚመጣውን ሹፌር ነው የሚጠይቀው፦ መንገዱ ሰላም ነው? ከነቀምት ወደ ጊምቢ ይታለፋል? ኬላው ላይ ፍተሻ አለ? ሹፌሩ ካልመለሰ ረዳቱ ይመልሳል፤ ረዳቱ ካላወቀ አይሱዙ ላይ በቆሎ ጭኖ የሚያልፈው ይጠየቃል። ሦስቱ የሚናገሩት አንድ ከሆነ ጉዞ ይቀጥላል፤ ከተለያየ ሻይ ቤት ገብቶ መጠበቅ ነው። እነዚህ ሰዎች የዜና ሥነ ምግባር ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ምንጭን በምንጭ ማጣራት ግን ሕይወታቸውን ለማትረፍ ተምረውታል። ሕዝቡ መረጃ ሲያገኝ ያብዳል የሚሉት ሰዎች ይህን ጥንቃቄ አይተውት አያውቁም።

ወረዳው የሚያወራለት አጥቶ ግን አይደለም። በወለጋ ጋዜጣ የሌለው ወረዳ ሁሉ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አለው። ኃላፊ አለው፣ ባለሙያ አለው፣ ካሜራ አለው፣ የፌስቡክ ገጽ አለው። ገጹን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ይታወቃል፤ የተጎበኘ የስንዴ ክላስተር፣ የተተከለ ችግኝ፣ የሌማት ትሩፋት ዶሮዎች፣ በግማሽ ክብ ቆመው ሪባን የሚቆርጡ አመራሮች። ስንዴው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ስንዴው አለ። ከስንዴው ማሳ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ የተቃጠለው መንደር ግን በገጹ ላይ የለም። በዞን ደረጃም፣ በክልል ደረጃም ያው ነው። አዳማ ላይ የተቀመጠው የክልሉ ጣቢያ ቀድሞ የኦሮሚያ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ይባል ነበር፣ አሁን ኦቢኤን ሆኗል፤ አልሸሹም ዞር አሉ። የተሻሻለው መሣሪያው፣ ስቱዲዮውና የቋንቋው ብዛት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዘጋቢው ወደ ወለጋ ሲወጣ በባለሥልጣን አጀብ ተከትሎ መውጣቱ ግን አልተቀየረም።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ የመንግሥት ጋዜጠኛው ነው። የኦቢኤን አስተባባሪና ዘጋቢ ሲሳይ ፊዳ ግንቦት 1 ቀን 2013 ማታ ደምቢ ዶሎ ላይ ተተኩሶበት ተገደለ። መንግሥት ሸኔ ብሎ የሚጠራውን ታጣቂ ቡድን ወነጀለ። አንዳንዱ ይህን ግድያ «አያችሁ፣ እዚያ ጋዜጠኛ መላክ አይቻልም» ለማለት ይጠቅሰዋል። የተገላቢጦሽ ንባብ ነው። አንድ ጣቢያ የአንድ ወገን ልሳን ሆኖ በኖረ ቁጥር በማይክሮፎኑ ጀርባ ያለው ሰው በሌላው ወገን ዓይን ወታደር ይሆናል። ሲሳይን የገደለው ማንም ይሁን ወንጀለኛ ነው፤ ይህን የሚያቃልለው ነገር የለም። ጋዜጠኛን ከሁለቱም ወገን የሚጠብቀው ግን ሁለቱንም የሚጠይቅ መሆኑ ብቻ ነው፤ ይህን ጥበቃ ደግሞ ለዘጋቢዎቹ የነፈጋቸው አሠሪያቸው ነው።

ወደ ሩዋንዳ እንመለስ፤ የክርክሩ ምሰሶ እሱ ነውና። ኤርቲኤልኤም የተባለው ራዲዮ በ1994 እ.ኤ.አ. የሰው ስምና የመኪና ታርጋ ሳይቀር እየጠራ ገዳይ እንዳሰማራ እውነት ነው። ግን ይህ ጣቢያ ነጻ ፕሬስ ነበር? መሥራቾቹ በፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና ዙሪያ የነበሩ የሥልጣን ሰዎች ናቸው። እንዲያውም እሱ ሥራ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በመጋቢት 1992 እ.ኤ.አ.፣ የሐሰት መግለጫ ደጋግሞ አንብቦ በቡጌሴራ መቶዎች እንዲታረዱ ያደረገው የመንግሥቱ ጣቢያ ራዲዮ ሩዋንዳ ነበር። የሩዋንዳ ትምህርት ነጻ ጋዜጠኛ ሕዝብ ያፋጃል የሚል አይደለም። ለሥልጣን ያደረ ማይክሮፎን ተቀናቃኝ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ነው ያሳየው።

ከቅርብ የሚጠቀሰው ሌላ ምሳሌም ከዚህ አይሻልም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግሥቱ ጠዋት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህል። የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ (ኦኤምኤን) የአዲስ አበባ ቢሮም ተወረረ። ሰው የተገደለው፣ ቤትና ሱቅ የነደደው ግን ኢንተርኔት በተዘጋባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ኢሰመኮ በኋላ ባወጣው ሪፖርት 123 ሟቾችን መዝግቧል። «ኦኤምኤን ከአሜሪካ በሳተላይት ይቀሰቅስ ነበር» ይባላል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የጣቢያው የዚያን ሰሞን ሥርጭት ቅን ጋዜጠኛ የሚኮራበት አይደለም። ታዲያ በዚያች ሰዓት ሻሸመኔ ላይ፣ ዝዋይ ላይ፣ ነቀምት ላይ በራሱ ቋንቋ «የተባለው ይህ ነው፣ የተረጋገጠው ይህ ነው» ቢለው ሕዝቡ የሚያምነው ማን ነበር? የመንግሥቱን ጣቢያ አያምነውም። የግሉ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት ተቀብሯል።

እንዴት እንደተቀበረም መዝገብ አለው። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያነሳ ከተፈለፈሉት ጋዜጦች አንዱ ኡርጂ ነበር፤ የኦሮሞን ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ፣ ማለትም አሁን የጠፋው ድልድይ የነበረ። በ1990 መጀመሪያ መንግሥት መካኒሳ ላይ የተገደሉ ሦስት ሰዎችን የኦነግ ታጣቂዎች ናቸው ሲል ጋዜጣው የተለየ ዘገባ አወጣ። ጋሮማ በቀለ፣ ተስፋዬ ደሬሳና ሰሎሞን ነመራ ታሰሩ፤ ለዓመታት። ኡርጂም በዚያው ጠፋ። ያን ጊዜ ነቀምት ወይም ነጆ ሆኖ ጋዜጣውን ይጠብቅ የነበረ ወጣት ከዚያ በኋላ ምን ይስማ? የሚሰማውማ አላጣም፤ ከውጭ በሳተላይት የመጣለትን ሰማ። ያንንም በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ኦኤምኤንንና ኢሳትን ማየት ወንጀል ሲደረግ ዲሹን ከጣሪያ አወረደ፤ ሲመሽ መልሶ ሰቀለ።

ሌላው የተወደደ መከራከሪያ «የውጭ እጅ» ነው። ኢትዮጵያ ከአምስቱ የጣልያን ዓመታት በቀር ቅኝ አልተገዛችም፣ ስለዚህ ቅኝ ገዢዎች በሚዲያቸው በኩል ሊገቡባት ይፈልጋሉ ይባላል። ታሪኩን ላወቀ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። በወረራው ዘመን የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ነበር፤ ከስሙ እንደሚታወቀው ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ እንጂ ከታች የሚሰማ አልነበረም። ነጻነት ሲመለስ ግንቦት 30 ቀን 1933 አዲስ ዘመን ወጣ። ባለቤቱ ተለወጠ፣ ባንዲራው ተለወጠ፣ ደስታውም የሚገባ ነበር፤ ጋዜጣ የመንግሥት መልእክተኛ ነው የሚለው እምነት ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ አብሮ ተሻገረ። ቅኝ ግዛትን እንጠላለን የሚሉ ሰዎች ከተውት ቅርስ ውስጥ ይህኛውን ለምን እንደወደዱት የሚያስረዳ የለም።

ወለጋ ደግሞ የራሷ ምጸት አላት። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ በኦሮምኛ ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ የታተመው በ1894 እ.ኤ.አ. ምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ ነው፤ ያኔ ጣልያን በያዘው መሬት። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ታተመ። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ይህን ሁሉ ይዞ ነቀምት ሲገባ ብዙም ሳይቆይ በአገሩ ቀሳውስት ተከሰሰና እንዳይሰብክ ታገደ። የወለጋ ሰው በቋንቋው የታተመ ነገር ከውጭ መጠበቅ የጀመረው ውጭ አገር ስለሚወድ አይደለም፤ አገር ውስጥ በሩ ስለተዘጋበት ነው። እስከ ትናንት የአሜሪካ ድምፅን፣ ዛሬም ዶይቸ ቬለንና ቢቢሲን የሚያዳምጠው በዚያው ምክንያት ነው። በመጋቢት 2017 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በአንድ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅን ሲያስቆሙ የዚህ ጥገኝነት አደጋ ታየ። የውጭ እጅ የሚያሳስበው ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ በማግሥቱ ነቀምት ላይ ጋዜጣ እንዲከፈት ደጅ በጠና ነበር።

ዝምታ ሰው ያድናል የሚለው እምነት ከዚህም የከፋ ታሪክ አለው፤ ከወለጋም ጋር ይገናኛል። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ የአገር ውስጡ ጋዜጣና ራዲዮ ዝም አሉ፤ ዓለም የሰማው ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። ኢትዮጵያውያን ፊልሙን በአገራቸው ቴሌቪዥን ያዩት መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ በማግሥቱ ንጉሡን ለማውረድ ሲፈልገው ነበር። በ1977ም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እስኪከበር ረሀቡ ታፍኖ ቆየ፤ ጥቅምት ላይ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያወጡት ምስል ባይኖር መቼ እንደሚወጣ እግዚአብሔር ይወቀው። ከዚያ ደርግ የተራበውን ወደ ምዕራብ ማጓጓዝ ጀመረ፤ 600 ሺህ ያህል ሰው፣ ብዙው በውድ ሳይሆን በግድ። በያኔው ወለጋ ቄቶም አሶሳም የዚያ ሰፈራ ቦታዎች ነበሩ። ሰፋሪው ለምን እንደመጣ ለነባሩ፣ የመሬቱ ባለቤት ማን እንደነበር ለሰፋሪው የነገረው የለም፤ የሚከራከርበት ጋዜጣም አልነበረም። በቶሌ የተገደሉት በሰፈራ ፕሮግራም ወደ አካባቢው ከመጡ ቤተሰቦች የሆኑ ናቸው። ረሀቡ ተደበቀ፣ የሰፈራው ክርክር ተደበቀ፣ ቂሙ ግን ለአርባ ዓመት በጓዳ ሲብላላ ኖረ።

አንባቢው «እሺ፣ ግን የሰላም ድርድርስ ሚስጥር አይፈልግም?» ይል ይሆናል። ይፈልጋል። በመንግሥትና ሸኔ በሚለው ታጣቂ ቡድን መካከል በዛንዚባርና በዳሬ ሰላም የተደረጉት የ2015 እና የ2016 ሁለት ዙር ንግግሮች በዝግ መካሄዳቸው ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ኅዳር 2016 ንግግሩ ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች በማኅበራዊ ገጾቻቸው መግለጫ ወርውረው መሄዳቸው፣ የቤጊ ገበሬም የማንን ቃል እንዴት እንደሚመዝን ሳያውቅ ለሌላ ጦርነት መዳረጉ ነው። አንዱንም ተደራዳሪ ነቀምት ላይ ወንበር ሰጥቶ «ምን አቀረባችሁ፣ ምን ተቀበላችሁ፣ በምን ተለያያችሁ» ያለ ጋዜጠኛ አልነበረም።

አሁን ያለው ጉዞ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ፣ ፈቃድ የመሰረዙን ከባድ እርምጃ ለቦርድ ሰጥቶ ነበር፤ ከወጡት የተሻለ ሕግ ነው ብለው ብዙዎች ያመሰገኑት። ሚያዝያ 2017 ምክር ቤቱ አሻሻለውና ያን ሥልጣን ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ መለሰ። የማሻሻያው ደጋፊዎች ያው የጸጥታ ክርክር ነበራቸው። ወለጋን በምሳሌነት የጠቀሰ ግን አልተገኘም፤ ቢጠቅሱት ይከብዳቸው ነበር።

የሚያስፈልገው ነገር ከተባለ ትልቅ ጣቢያ አይደለም። ነቀምት ከተማ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ፍርድ ቤት አላት፣ የቡና ገበያ አላት፣ ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ሰው አለባት። በሁለቱም ቋንቋ የሚታተም ባለ ስምንት ገጽ ሳምንታዊ ጋዜጣ የፍርድ ቤቱን ችሎት፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤትና የሟቹን ስም ከነቀበሌው ቢይዝ በቂ ነው። ማን ይከፍላል ለሚለው ገንዘቡ አሁንም አለ፤ በየወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በደመወዝ፣ በካሜራና በአበል እየወጣ ነው። ከዚያ ሲሶው መንግሥት በማይሾመው ቦርድ በኩል ለአካባቢ ጋዜጦች ይከፈት፤ የመንግሥት ማስታወቂያም ለታማኝ ሳይሆን ለተነባቢ ይሰጥ። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱም ለጋዜጠኛ ወደ ቄለም የሚያልፍበትን ወረቀት ሲከለክል ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ያ ጽሑፍም ራሱ ይታተም።